ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ይጠራ

ወንድሙን በቀበረ ማግስት ዱቄት ሥራ ገባ።

ዘበኛው ሲያየው መዝገቡን እንደያዘ ቀረ። «ጋሼ፣ የሐዘን ፈቃድ አልሰጡዎትም እንዴ?» አለው። «ሰጥተውኛል» አለ ዱቄት፤ ፈረመና አለፈ። ዘበኛው ራሱን እየነቀነቀ «ወይ ጉድ! ሰው ከድንጋይ ይሠራል እንዴ?» አለ። ለራሱ ያለው መስሎት ነበር፤ ዱቄት ግን ሰምቶታል። አልከፋውም። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ምንም ነገር ከፍቶት አያውቅም፤ ክፋቱም ይኸው ነበር።

«ዱቄት» እናቱ ያወጣችለት ስም እንዳይመስላችሁ። ወተት ማድረቂያ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ፣ በየቀኑ ቅንድቡም ጆሮውም ጫማውም ነጭ ሆኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሰፈር ልጆች የለጠፉበት ነው። ሚስቱ ስትቆጣ «አንተ ዱቄት!» ትለዋለች። ሳትቆጣም እንደዚያው ነው የምትለው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች «የማድረቂያው ማማ ወተቱን ብቻ መሰላችሁ? እሱንም አድርቆታል» እያሉ ሲስቁበት በአፉ ጥግ ፈገግ ይል ነበር። ይል ነበር ነው ያልኩት።

ወተት እንዴት ዱቄት ይሆናል ብላችሁ እንደማትጠይቁኝ ዐውቃለሁ፤ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ፣ አለዚያ የሚመጣው ነገር አይገባችሁም። ብዙ ሰው ወተቱ ትሪ ላይ ተሰጥቶ የሚደርቅ ይመስለዋል። የኔም ሞኝነት እንደዚያው ነበር። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ወተቱ መጀመሪያ ዝግ ታንክ ውስጥ ቀስ ብሎ እየፈላ አብዛኛው ውሃው ይተናል። ወፍሮ፣ ከማንኪያ ላይ በግድ የሚወርድ ሲሆን ወደ ማማው አናት ይገፋል። ማማው አራት ፎቅ የሚያህል፣ ውስጡ ኦና የሆነ የማይዝግ ብረት ነው፤ ከላይ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ያን ጠባብ ታች ሠራተኞቹ «ጭራው» ይሉታል። አናቱ ላይ በደቂቃ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ዲስክ አለ። ወተቱ እሱ ላይ ሲያርፍ ተበትኖ ጉም ይሆናል፤ ጉሙን ደግሞ መቶ ሰማንያ ዲግሪ የጋለ አየር ይቀበለዋል። ጠብታዋ ግድግዳውን ሳትነካ፣ እናንተ አንድ ጊዜ እስክትተነፍሱ ድረስ ባለው ጊዜ ውሃዋን ለአየሩ ሰጥታ፣ ብናኝ ሆና ጭራው ላይ ትወርዳለች። ከውጭ ትንንሽ መዶሻዎች ግድግዳውን በየተራ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ የተጣበቀውን ያራግፋሉ።

አዲስ ሠራተኛ ሁሉ «በዚህ ሁሉ ሙቀት እንዴት አያርርም?» ብሎ ይጠይቃል። ዱቄት ሃያ ስድስት ዓመት የሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ላብህ ሲደርቅ አይበርድህም? ጠብታዋም እንደዚያው ነች። ውሃዋ እስካለ ድረስ እሳቱ ውስጧ አይገባም። ውሃዋ ሲያልቅ ግን ቶሎ አውጣት።»

ማማው አንድ ጠላት አለው፤ እርጥበት። ግድግዳው ወይም ጭራው ላይ እርጥብ ቦታ ካለ ዱቄቱ እዚያ ይጋገራል፣ ይቦካል፣ ቡናማ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ውስጥ ውስጡን መጨስ ነው። አንድ ማማ ሙሉ የጋለ አየርና የወተት ብናኝ ሲቀጣጠል ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ሁለተኛ አያይም። ስለዚህ ማማው በየሐሙሱ ይቆማል፣ ይታጠባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል። የሚያጥበው የዱቄት ታናሽ ወንድም ነበር።

ሥራውን ያስገባው ራሱ ዱቄት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ይሆነዋል፤ «ወንድሜ ነው፣ ሰነፍ ከሆነ እኔን አባሩኝ» ብሎ አፉን ሞልቶ ዋስ ሆነለት። ሰነፍም አልሆነ። የብረት እጀታ ያለው ረጅም ቡሩሽ ይዞ በጎን በሩ ይገባል፣ ሲወጣ ግድግዳው መስታወት ነው። ፋብሪካው «ቡሩሼ» አለው። ቤት ውስጥ ግን «ማሙሽ» ነው፤ አርባ ሰባት ዓመት ሞልቶት፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ ፈሶ፣ ማሙሽ። እናታቸው ካረፈች በኋላ በዚህ ስም የሚጠራው ዱቄት ብቻ ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ እሱም አልጠራውም።

እንግዲህ የአራት ዓመቱን ነገር ልናገር ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ባልፈው አይሆንም።

ማማው ውስጥ የሚገባ ሰው ደንብ አለው። መጀመሪያ የራሱን ጓጉንቸር የማማው ማስነሻ ላይ ያንጠለጥላል። ጓጉንቸሩ እዚያ እስካለ ድረስ ማማው አይነሳም፤ ቁልፉ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ ያውም በባለቤቱ ኪስ። የማሙሽ ጓጉንቸር ቀይ ነው፤ ሰባት ቁጥር ተጽፎበታል። ያን ቀን ወተት ሞልቶ ተርፏል፣ አለቆች በየአሥር ደቂቃው እየደወሉ «ተነሳ?» ይላሉ፣ የምሳ ሰዓት ነው። ዱቄት ማስነሻው ላይ ቀዩን ጓጉንቸር አየ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ቁልፉ ቁጭ ብሏል፤ ማሙሽ ረስቶት። በሩ ዝግ ነው። ውሃው ወለል ላይ እንዳይፈናጠር ማሙሽ ከውስጥ ሳብ አድርጎት እንደሚያጥብ ዱቄት ያውቃል፤ ግን «ምሳ ሄዷል፣ ጓጉንቸሩን ማውጣት ረስቷል» አለ። በሩን ከፈት አድርጎ ቢያይ ስንት ይፈጅበት ነበር? አምስት እርምጃ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ዱቄት ጓጉንቸሩን በወንድሙ ቁልፍ ከፈተና ማራገቢያውንም ማሞቂያውንም አስነሳ። ማራገቢያው በሩን መጥጦ ገጠመው፤ አንዴ ከገጠመ ደግሞ ከውስጥ አይከፈትም።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማ። መዶሻዎቹ ናቸው አለ። የሙቀት መለኪያ ጌጁን እያየ ቆመ። ሙቀቱ አርባ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ አለ። ከዚያ መዶሻዎቹን ገና እንዳላስነሳቸው ትዝ አለው።

በሩን ሲከፍት ማሙሽ በአራት እግሩ ወጣ። የግራ ክንዱ ከክርኑ እስከ አንጓው ተልጦ ነበር፤ የጋለው አየር በሚገባበት በኩል ፊቱን የጋረደበት ክንድ ነው። ክሊኒክ ሲጠይቁት «የእንፋሎት ቧንቧ ነካሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ለማንም አልተናገረም። ወንድሙን ከእንጀራው አላፈናቀለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ከሥራ ነገር ሌላ አንዲት ቃል አልተነፈሰለትም። «ውሃ ክፈት።» «ዝጋ።» «ጨርሻለሁ።» ይኸው ነው። ቁልፉን በክር አስሮ አንገቱ ላይ አጠለቀው፤ ዱቄት ባየው ቁጥር ክሩን ያያል።

ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት፤ እሱንም ያውቃል። በመጀመሪያው ሳምንት «ቁስሉ ይሻለውና» አለ። በሁለተኛው ወር «አሁን ብናገር እንደ አዲስ ይቆስላል» አለ። ሚስቱ ነገሩን ሙሉውን ባታውቅም መኳረፋቸውን አይታ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» አለችው። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ መለሰላት። ዝም አይነቅዝም! የዱቄት ልጅ ስትዳር ማሙሽ መጣ፣ ሙሽራዋን ሳመ፣ በላ፣ ጠጣ፣ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አምሽቶ ሄደ። ዱቄት ያን ማታ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። ይቅር በለኝ ለማለት ስንት ዓመት ይፈጃል? ለዱቄት አራት ዓመት አልበቃውም።

ቁስሉ በዳነ በስድስተኛው ወር ማሙሽ በሐሳብ መስጫው ሣጥን አንድ ወረቀት ከተተ። «የጓጉንቸር ባለቤት ጠፍቶ ጓጉንቸሩ ከመቆረጡ በፊት፣ የማማው በር ይከፈት፤ ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ይጠራ፤ አንድ ደቂቃ ይጠበቅ፤ የመለሰው ይጻፍ» ይላል። አለቆች ወደዱት። ደንብ ሆነ፣ ፎርም ታተመለት፣ ማሙሽም አንድ ጃንጥላ ተሸለመ። መካኒኩ «ቡሩሼ ሙት፣ የሌለ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? "የመለሰው" የሚል መስመር ምን ይሠራል?» ብሎ ቢያሾፍበት፣ «እሱን የሚጠራው ሰው ያውቀዋል» አለ። ዱቄት አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በቀብሩ ዋዜማ፣ ሐሙስ አሥር ሰዓት ገደማ ማሙሽ ከማማው ወጥቶ ግድግዳውን ተደገፈ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጓል። «ታች ገና አልደረቀም» አለ። «ሳይደርቅ እንዳታስነሳው።» ዱቄት ጌጁ ላይ እንዳፈጠጠ «እሺ» አለ። ቀና ብሎ አላየውም። ማሙሽ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ፣ ሰልፍ ላይ እንደቆመ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ።

ዱቄት ሲነገረው «እሺ» አለ፤ እንደዚያው። ሬሳውን ያየው እሱ ነው፣ ሳጥኑን የመረጠው እሱ ነው፣ ዘመድ አዝማድ ጋ የደወለው እሱ ነው። ሁሉንም ሳያዛንፍ ሠራ። የማሙሽ ሚስት ሬሳውን የሚገንዙት ከባሏ አንገት ላይ ቁልፉን ሊያወልቁ ሲሉ እጃቸውን ያዘች፤ «እሱን ማንም አይነካውም፤ ራሱ ነው ያሰረው» አለች። ይህን ስትል ያየችው ዱቄትን ነው። ቁልፉ ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ።

መቃብሩ ዳር ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ዱቄት አፈሩን እያየ ነበር። በዋዜማው ዝናብ ስለጣለ አፈሩ ይያያዛል። «እርጥበቱ ሃያ በመቶ ይሆናል» ብሎ አሰበ። ወዲያው በራሱ ያፍር እንደሆነ ጠበቀ፤ ምንም የለም። ማታ በላ፤ ወጡ ጨው ይኑረው አይኑረው አልለየም። ተኛ፤ እንቅልፍ ወሰደው። ሚስቱ በጨለማው «እንባ እንቢ አለህ?» አለችው። «አልመጣም» አላት።

እና ቅዳሜ ሥራ ገባ። ቤት ቁጭ ብሎ ምን ያድርግ?

ማማው ሥር ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር። አንደኛዋ የፈረቃው ኃላፊ ናት፤ የልጁ እኩያ፣ ጎበዝ፣ ስልክ ከጆሮዋ የማይለይ። ሌላው መካኒኩ ነው፤ የጓጉንቸር መቁረጫውን ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ማስነሻው ላይ ቀዩ ሰባት ቁጥር ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ! ምነው መጡ?» አለች ኃላፊዋ ደንግጣ። «እኛ እንጨርሰው ነበር እኮ። ነፍሱን ይማረውና ቡሩሼ ሐሙስ ዕለት ጓጉንቸሩን ሳያወጣ ነው የሄደው። አሞት ስለነበር ረስቶታል። ሰማንያ ሺህ ሊትር ወተት ከሐሙስ ጀምሮ ቆሟል፤ ዛሬ ካልደረቀ ይበላሻል።»

«እሱ አይረሳም» አለ ዱቄት።

«ይኸው ረስቷላ ወንድሜ» አለ መካኒኩ፤ መቁረጫውን አወረደ። «ዘወር በል፣ አንተ አታየውም። አንዴ ቀጭ ነው፣ ያልቃል።»

«መጀመሪያ ይጠራል።»

ሁለቱ ተያዩ። ኃላፊዋ ስልኳን ኪሷ ከተተች። «ጋሼ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ትናንት እኮ አብረን ነው የቀበርነው። ማንን ነው የሚጠሩት?»

«ደንብ ነው። ፎርሙን አምጪው።»

መካኒኩ ሌላ ቀን ቢሆን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይል ነበር። የዱቄትን ፊት አየና መቁረጫውን መልሶ ተሸከመ። ኃላፊዋ ፎርሙን ለማምጣት ሮጠች። ምስኪን፣ ሰውየው ያበደ መስሏታል።

ዱቄት የጎን በሩን ዘወር አድርጎ ከፈተው። አምስት እርምጃ ነው፤ ዛሬ ተራመደው። ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ወጣ፤ የሳሙና ሽታ አለው። አንገቱን አስገባ።

«ቡሩሼ!» አለ።

ማማው ድምፁን ወስዶ ወደ ላይ አወጣው፤ አዙሮ መለሰው። ዱቄት ሁለተኛ በመዝገብ ስሙ ጠራው፤ ከነአባቱ፣ ደመወዝ ሲከፈል እንደሚጠራው። ያም ስም ዞሮ ተመለሰ። አባታቸው አንድ ስለሆነ የስሙ ግማሽ የራሱ ነው። በሦስተኛው ቆመ። እስከ ትከሻው ወደ ውስጥ ገባ።

«ማሙሽ!»

የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም፤ አልሰጠምም። ኃላፊዋ ሰዓቷን ይዛ ደቂቃውን መቁጠር ጀመረች። ዱቄት ከነትከሻው በሩ ውስጥ እንደገባ «ይቅር በለኝ» አለ። «አላየሁም። በሩን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም።» ጮክ ብሎ ነበር፤ ሁለቱም ሰሙት። ስለ ምን እንደሚናገር ግን አልገባቸውም። እሱም ራሱ እንደ ቁጥር ነው ያነበበው፤ አራት ዓመት የከበደው ቃል ከአፉ ሲወጣ ቀላል ነበር፣ ባዶም ነበር።

ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ ታች አየ። ጭራው ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ የማሙሽ ቡሩሽ ቆሟል። ሥሩ ውሃ ቋጥሯል።

አልረሳም ነበር ማለት ነው። ሲደክመው ቡሩሹን እዚያው አቁሞ ወጣ፤ ጠዋት ተመልሶ ሊያወጣው። ቡሩሹ ውስጥ እስካለ ሥራው አላለቀም፤ ሥራው ካላለቀ ጓጉንቸሩ አይወጣም። ዝም ብለው ቆርጠው ቢያስነሱት ኖሮ ያን ብረትና ያን ውሃ ይዘው ነበር የሚያስነሱት። መካኒኩ አጮልቆ አየና «የፈጣሪ ያለህ!» ብሎ መቁረጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ዱቄት ከኪሱ የራሱን ጓጉንቸር አወጣ። ከቀዩ ጎን አንጠለጠለው፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ገባ። ከአራት ዓመት ወዲህ እዚህ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ፍተሻ ሲመጣ ወይ ወገቤን ይላል፣ ወይ ሌላ ሰው ይልካል። ቡሩሹን አንስቶ ቀና ሲል፣ ፊት ለፊቱ፣ በአንድ አጭር ሰው ትከሻ ቁመት ላይ፣ መስታወት የመሰለው ግድግዳ ተጫጭሮ አየ። ጭረቶቹ አጫጭር ናቸው፤ የብረት እጀታ ጫፍ ያረፈባቸው። እነዚህን ብቻ ማሙሽ አላለሰለሳቸውም።

ዱቄት በነዚህ አራት ዓመታት ራሱን የሚያጽናናበት አንድ ነገር ነበረው። «አራት ጊዜ፣ ቢበዛ አምስት ጊዜ ነው ያንኳኳው፤ ወዲያው ነው የደረስኩለት» ይል ነበር። አሁን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ሃያ ሦስት ናቸው። የመጨረሻዎቹ ወርደዋል፤ ተንበርክኮ ነው ያንኳኳቸው። እንደገና ቆጠረ። ሃያ ሦስት።

ሲወጣ ኃላፊዋ ቡሩሹን ተቀበለችው። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ፎርሙን ሞላ። የጓጉንቸር ቁጥር፦ ሰባት። የባለቤቱ ስም። የጠራው ሰው ስም፤ ዝምድና የሚል ባይኖርም «ወንድም» ብሎ ጨመረበት። የመለሰው፦ «ታች ገና አልደረቀም፤ ሳይደርቅ እንዳታስነሳው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠ። ጀርባው ላይ የአራት ዓመቱን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ቁልፉ የት እንደነበረ፣ በማን እጅ እንደተከፈተ፣ አንድም ሳያስቀር አሰፈረ። በመጨረሻ «ሃያ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። እኔ መዶሻ መሰለኝ» ብሎ ፈረመበት።

ኃላፊዋ አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ይሄን ካዩ ከማማው ያነሱዎታል።»

«ዐውቃለሁ።»

«ልቅደደው? ሌላ ፎርም አለኝ።»

«አትቅደጂው» አለ። «አሁን ቁረጡት። ማስነሳቱ ግን የለም፤ ውሃውን ጠርገን፣ ሁለት ሰዓት ባዶ አየር ይነፍስበታል። ወተቱ ይጠብቅ።»

ወተቱ ጠበቀ፤ ሰማዩም አልወደቀም። ጭራውን ራሱ በጨርቅ ጠረገው፣ ሁለቱን ሰዓት አጠገቡ ቆሞ አሳለፈ። ከዚያ ዲስኩ ተሽከረከረ፣ ጉሙ ወረደ፣ መዶሻዎቹ ቀጭ ቀጭ አሉ፣ ከጭራው ነጭ ዱቄት መጣ። እርጥበቱ ሲለካ ሦስት ነጥብ አምስት በመቶ ነበር፤ መሆን እንዳለበት። ዱቄት መቆጣጠሪያውን ለተረኛው አስረከበ። ኋላ እንደተባለውም ከማማው አንስተው ማሸጊያ ክፍል መደቡት፤ አሁንም የከረጢት አፍ ይሰፋል። ያን ዕለት ግን የተቆረጠውን ቀይ ጓጉንቸር በመሀረብ ጠቅልሎ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ።

ቤቱ ሐዘንተኛ ሞልቶታል። የማሙሽን ሚስት ወደ ጓዳ ጠራት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ እሱ ቆሞ፣ መሀረቡን ዘርግቶ፣ ሁሉንም ነገራት። ቁልፉን፣ በሩን፣ ሃያ ሦስቱን። ድምፁ እንደ ጠዋቱ ነበር፤ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ይመስላል።

«ዐውቃለሁ» አለች።

«ነግሮሽ ነበር?»

«የዚያኑ ማታ። ክንዱን ስጠርግለት የከረምኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ዱቄት መሀረቡን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋ። «ተቀይሞኝ ሞተ» አለ።

«ምን ቅያሜ አለ?» አለች፤ የደከማት ሴት ናት፣ ለማጽናናት ብላ አልነበረም። «የመጀመሪያውን ወር ተቀይሞህ ነበር። ከዚያ ወዲያማ እየጠበቀህ ነበር። ማታ ማታ ሲገባ፣ እዚችው ቁጭ ብሎ ጫማውን እየፈታ፣ "ዛሬም አላለኝም" ይለኛል። "ተወው እንግዲህ፣ አንተ ቅደመው" እለዋለሁ። "አይ፣ ነገ ይለኝ ይሆናል" ይላል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይዘል እንደዚሁ ነበር። ሐሙስ ዕለት ብቻ ነው ያላለው፤ አልገባማ።»

ዱቄት የሚይዘው ነገር ፈልጎ የአልጋውን ብረት ያዘ። ማሙሽ ጫማውን የሚፈታባት ቦታ ላይ ቁጭ አለ። ያኔ ነው ያለቀሰው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ እንደ ሕፃን ጮኸ፤ «ማሙሽ፣ ማሙሽዬ» እያለ ጮኸ፤ ሳሎን የነበሩት ሰዎች ሌላ ሰው የሞተ መስሏቸው ሮጠው ገቡ።